ምካሲ ያን ቀን አልተኛችም

ምካሲ ቅርንፉድ ስትገነጥል እጇን ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ዘለላውን በግራ እጇ ትይዝና በቀኝ መዳፏ አንድ ጊዜ ጠምዘዝ ታደርገዋለች፤ እምቡጡ ወደ ሰሌኑ፣ እንጨቱ ወደ ቅርጫቱ ይወድቃል። እኔ አንድ ዘለላ ስጨርስ እሷ ሦስተኛው ላይ ነች።

"የሐቲቡ እናት፣ ትገነጥዪዋለሽ ወይስ እሹሩሩ ትዪዋለሽ?" ትለኛለች።

"አንቺ ምን አለብሽ፣ እጅሽ የጦጣ ነው።"

"የጦጣም ቢሆን ያንቺን ልጅ አቅፏል።"

እውነቷን ነው። የሁለታችን ቤት በዛንዚባር፣ በፔምባ ደሴት፣ በቻኬ ቻኬ ዳርቻ ነው፤ በመሃላችን አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር። ሐቲቡን ስወልድ ጡቴ ቆስሎ አርባ ቀን ሙሉ ከልጇ ከካዚጃ ጋር ያጠባችው ምካሲ ናት። ስለዚህ ሁለቱ ልጆች በወተት እህትና ወንድም ናቸው፤ መጋባት አይፈቀድላቸውም። እኔና እሷም ከዚያ በኋላ ጎረቤት ብቻ አልነበርንም።

ፖለቲካ መንደራችን የገባው ልጆቹ ገና ድክ ድክ ሲሉ ነው። የዛንዚባር ምክር ቤት ወንበሮቹ ሊበዙ ነው ተባለ። በፈረንጆቹ 1961 ጥር ላይ ደግሞ ሴቶችም ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ይሰጣሉ ተባለ። ወዲያው ሰው ለሁለት ተከፈለ። ከእነሱ ሱቅ ጨው አልገዛም፣ ለእነሱ ቀብር አልቆምም፣ ከእነሱ ጉድጓድ አልቀዳም ተባባሉ። የእኔ ባል ሻሜ ከአንዱ ወገን ሆነ፤ የእሷ ባል ፋኪ ከሌላው። ሁለቱ ወንዶች መስጊድ ውስጥ እንኳን ጎን ለጎን መቆም ተዉ።

ምርጫው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከሰሌናችን ፊት ተቀምጠን ምካሲ እንዲህ አለች፦

"ያንቺ ድምፅ የእኔን ይበላዋል፣ የእኔም ያንቺን። ታዲያ ሁለታችንም ብንቀር ለምክር ቤቱ ምን ይጎድልበታል?"

"ምንም።"

"ለእኛ ግን እነሆ ይቺ ሰሌን ትተርፈናለች። እኔም በአንቺ ላይ አልሄድም፣ አንቺም በእኔ ላይ አትሄጂም።"

"ባሎቻችንስ?"

"ለባል ራሴን አመመኝ ይባላል። ለሌላ ነገር ስንቱን ጊዜ ብለነው የለ!"

እስክናለቅስ ሳቅን። ከዚያ ልጆቻችን አብረው በጠጡት ወተት ማልን፦ ሁለታችንም ተስማምተን ካልፈታነው በቀር በምርጫ ቀን ከቤት ላንወጣ።

በምርጫው ቀን ጠዋት ከበሮ የያዙ የወገናችን ሴቶች በጭነት መኪና መጡ። አማቴ ቢ ሐዲያ በሬ ላይ ቆማ፣ "ልጄ ሴት መስላው ዶሮ አግብቷል ለካ! በርበሬ የምታክል ልጅ እየሄደች አንቺ ከጓዳ ትደበቂያለሽ?" አለችኝ። በእሷ ባሳብብ ውሸት ይሆንብኛል። የገፋኝ ሌላ ነው። እኔ በሰው ፊት ስሜ ከወረቀት ላይ ተነቦ አያውቅም፤ ዛሬ ይነበባል። አዲሱን ካንጋዬን፣ ባለ አበባ ሽርጤን፣ ለበስኩ። ምካሲ ከጓሮ ቅርንፉድ እያሰጣች ነበር፤ እንዳታየኝ በፊት ለፊት በር ወጣሁ።

ስንመለስ መኪናው እየዘፈንን ከመንገዱ አፍ አወረደን። ምካሲ መጥረጊያ ይዛ በሯ ላይ ቆማለች።

"ሄድሽ?"

"ሄድኩ።"

"እሺ" አለች። ገባች።

በማግስቱ የከተማችን ወንበር ውጤት ተሰማ። ወገኔ አሸነፈ፤ በአንድ ድምፅ። እኔ ባልሄድ እኩል ይሆን ነበር። እሷ ብትሄድም እኩል ይሆን ነበር። ይህን ቁጥር ያኔ ፊደል ሳልቆጥርም አውቄዋለሁ።

የመግሪብ ሶላት እንዳለቀ ፋኪ ሲጮህ በግድግዳው በኩል ሰማሁ።

"ሰው ሁሉ ሚስቱን አምጥቶ፣ የእኔዋ የት ነበረች? በአንድ ድምፅ! በአንድ! የት ነበርሽ?"

ጆሮዬን ከጭቃው ላይ ለጥፌያለሁ። አሁን ስሜን ትጠራለች ብዬ እጠብቃለሁ።

"እንቅልፍ ጣለኝ" አለች።

"እንቅልፍ?"

"አዎ። እንቅልፍ ጣለኝ።"

እውነቱን ብትናገር እኔ ከሃዲ እባላለሁ፤ ባሌም ከእነሱ ጋር ተዋውለሽ ነበር ብሎ ይፈታኛል። ይህን አውቃ ነው ሸፍና የያዘችኝ። ተነስቼ ከበራቸው ሄጄ፣ "ፋኪ፣ አልተኛችም፤ የከዳኋት እኔ ነኝ" ማለት ይገባኝ ነበር። አሥር እርምጃ አይሞላም። አልሄድኩም።

ፋኪ ወር ሳይሞላ ፈታት። የራሷ ወገን ሴቶች ከሰርግ ከለከሏት። ልጆች "ቢ እንቅልፍ! እመት እንቅልፍ! ንቂ፣ ወንበሩ ሄደ!" እያሉ ከኋላዋ ይጮኹ ነበር። የእኔ ወገን ደግሞ ይስቅ ነበር፦ "ተኝታ ያስመረጠችልን" እያለ። እኔም አንድ ቀን፣ ከአማቴ ጋር ቆሜ፣ አብሬ ሳቅሁ። ምካሲ ውሃ ተሸክማ እያለፈች ነበር። አየችኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ምርጫ ሆነ፤ እኔ ሄድኩ፣ እሷ አልሄደችም። ቀጥሎ ሱልጣኑን የጣለው አብዮት መጣ። ያ በአንድ ድምፅ የተጣላንበት ምክር ቤት እንዳለ ተዘጋ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ዛንዚባር የተወካዮች ምክር ቤት አልነበራትም። ወንበሩ ጠፍቶ ስድቡ ግን ቀረ። ምካሲ ካዚጃን ይዛ ከገበያው ጀርባ ሄደች፤ የሰው ቅርንፉድ እየገነጠለች አሳደገቻት።

እኔ ከጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩት የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ነው። ምክር ቤቱ እንደገና ተከፍቶ፣ በፈረንጆቹ 1985 ሕዝቡ ራሱ ተወካዮቹን ይመርጣል ሲባል፣ ስሜን ከመራጮች ዝርዝር ላይ ራሴ አነበብኩት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከግድግዳው ላይ ዝርዝሩን ወደ ታች ስፈልግ ዋልኩ። የምካሲ ስም የለም።

ሄድኩ። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ወደ ምካሲ ቤት ሄድኩ። አልጋ ላይ ነበረች፤ ሳንባዋን አሟታል።

"ልፈታው ነው የመጣሁት" አልኳት። "መሐላውን።"

"አሁን?" አለች። "መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ?"

"አንቺ ለምን ጠበቅሽው? እኔ ያኔውኑ ሰብሬው የለ?"

"አንቺ ሰበርሽው። የእኔን ማን ይስበርልኝ? ልጅሽ እኮ ወተቱን አልመለሰልኝም።" ሳል ያዛት። ሲለቃት ፊቷን አዞረች። "ያኔ ለምርጫው ካንጋ ገዝቼ ነበር። ብጫ። ለወገን ብዬ መሰለሽ? ድምፅ የሚሰጥበት መጋረጃ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት ፈልጌ ነበር። እስኪ ንገሪኝ፣ ምን አለ?"

"ጠረጴዛ አለ" አልኩ። "በክር የታሰረ እርሳስ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"ለእርሳስ?" አለች።

እጇን ልይዝ ስል አልከለከለችኝም፤ ግን አልያዘችኝም። በሚቀጥለው የቅርንፉድ ወራት ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ለካዚጃ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰምታ በሩን ዘጋችብኝ፤ አልፈረድኩባትም። ለመንደሩም ተናገርኩ፤ አሮጊት ትቀባጥራለች ተባልኩ። እኔ አንድ አፍ ነኝ፣ ስድቡ ብዙ አፍ አለው። የካዚጃን ልጆች እስከ ዛሬ "የእንቅልፏ ዘሮች" የሚላቸው አለ።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እለምናችኋለሁ። መንገድ ጥሏችሁ ወደ ቻኬ ቻኬ ከመጣችሁና ያን ስድብ ከሰማችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ለካዚጃ ልጆች፣ "አያታችሁ ያን ቀን ነቅታ ነበር፤ ቃሏን ስትጠብቅ ዋለች" በሏቸው። ማን ነገራችሁ ካሏችሁ ስሜን ሳትሸሽጉ ጥሩ፦ የከዳቻት ጎረቤቷ፣ ሪዚኪ የማካሜ ልጅ።