እህቴ ያመነችው ጥፋት

ባለፈው ሰሞን ሀዊ የመመረቂያ ጥናቷን አቀረበች። እኔ ጡረታዬን በምጠባበቅበት፣ እዚሁ አዳማ በሚገኝ ላቦራቶሪ አብራን ስትሠራ የከረመች ቁጥብ ልጅ ናት። ጥናቷ የሴቶችን ብልት ስለሚያጠቃው እርሾ መሰል ፈንገስ ነበር። ከአዳማ፣ ከሞጆና ከባቱ ሴቶች የተወሰደውን ፈንገስ ዘረመል መርምራ፣ ግድግዳው ላይ በታየው የዘረመል ምስል ውስጥ ያሉትን ነጫጭ መስመሮች እየጠቆመች ታስረዳለች።

«ይኼኛው ዘረመል ፈንገሱ ሰውነት ላይ እንዲጣበቅ ያስችለዋል» አለች። «ይኼኛው ክብ የነበረውን ወደ ክር ይለውጠዋል፤ ክሩ ሥጋ ሰርስሮ ይገባል። ይኼ ደግሞ ሥጋ የሚበላ ኢንዛይም እንዲያመነጭ ያደርገዋል። ዘረመሉ መኖሩ ብቻውን ሁሉን አይነግረንም። መቼ እንደሚነቃ፣ የሴትየዋ ሰውነትም እንዴት እንደሚመክተው ማወቅ አለብን። ቢሆንም፣ ታክመው የዳኑ አንዳንድ ሴቶች ላይ ለምን እየተመላለሰ እንደሚያስቸግር ፍንጭ ይሰጠናል።»

ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ቀስ ብዬ ወጥቼ ኮሪደሩ ውስጥ ቆምኩ። ከሞተች ዓመታት ያለፏት እህቴ አስካለ አጠገቤ የቆመች መሰለኝ።

አስካለ ታላቄ ናት። ያኔ ዝዋይ እንላት በነበረችው ባቱ፣ ጥላሁን የሚባል አሳ ነጋዴ አግብታ ትኖር ነበር። ሳቋ ከግቢ ውጪ ይሰማል። ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ስትበልት ዓይኗን ከሚያወራት ሰው ላይ አታነሳም፤ ቢላዋው ግን መንገዱን አይስትም። ጥላሁንም ይወዳት ነበር። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ እንግዳ ተቀምጦ እንኳ የአሳውን እሾህ ለቅሞ ያጎርሳት እንደነበር አይቻለሁ።

እኔ እዚሁ አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት በምንላት፣ የላቦራቶሪ ትምህርት ላይ ነበርኩ። ጥቅምት ነው፤ ነፋሱ የከተማውን አቧራ እያነሳ በሰው ዓይን የሚበትንበት ወር። አስካለ ሳትነግረኝ መጣች። ከስታለች። የተከራየሁባት ክፍል ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠች።

«አስኩ፣ ምን ሆነሻል?»

በሩን ዘጋች። «ያሳክከኛል» አለችኝ። የሰረቀችውን ዕቃ የምታወጣ ነበር የምትመስለው።

ነገሩ የጀመራት ለታመመ ጥርሷ ጠንካራ ፀረ ባክቴሪያ ከወሰደች በኋላ ነው። ማሳከክ፣ ማቃጠል፣ ነጭ ፈሳሽ። አንድ ክሊኒክ ሄደች። ሳይመረምሯት የአባላዘር በሽታ ነው ብለው ለእሷም ለጥላሁንም መድኃኒት ሰጧቸው። መድኃኒቱ ያው የጥርሱ ዓይነት ነበርና ባሰባት። ጥላሁን ሌላ ሴት ዘንድ ሄዶ የማያውቅ ሰው ነው፤ እሷም ታውቃለች። እና አንድ ጥዋት ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል «እኔ ካላመጣሁት ማን አመጣው?» ብሎ ጠየቃት።

«ምን አልሽው?»

«ምን እላለሁ? እኔም እኮ አላውቅም።»

በማግስቱ ትምህርት ቤት ይዣት ሄድኩ። ናሙናዋን የጨው ውሃ ላይ አድርጌ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ሞላላ እምቡጦች ነበሩ፤ አንዱ ከሌላው ጫፍ ላይ የሚበቅል። በመካከላቸው ረጃጅም ክሮች እንደ ሐረግ ተጠላልፈዋል። ውበት ነበረው፤ ይህን ማሰብ ዛሬም ይከብደኛል። መምህሬ ጎንበስ ብለው አዩና «ይኼ የአባላዘር በሽታ አይደለም» አሉ። «እርሾ ነው። ስንቷ ሴት ሳታውቀው ይዛው ትኖራለች። ያ መድኃኒት ጠባቂ ባክቴሪያዎቹን ገድሎለት ነው የፋፋው። ማንም አላመጣባትም።»

አስካለ ይህን ስትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀች። ትክክለኛውን መድኃኒት ወሰደች፣ ዳነች። ለአማቷ ፓፓያ ገዝታ ተመለሰች።

የገና በዓል ሳይደርስ ሕመሙ ተመለሰባት።

አማቷ እትዬ ወርቄ የውስጥ ልብሷን ስንቴ እንደምታጥብ የሚቆጥሩ ሴት ነበሩ። «መድኃኒት ወስዳ ከዳነች በኋላ ከየት አመጣችው?» ብለው ሽማግሌ ጠሩ። ይህን ስሰማ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከሞጆ እስከ መቂ የቃላቱን ቅደም ተከተል ሳስተካክል ሄድኩ። ጤፉ ታጭዷል፤ የሽንኩርት ማሳዎቹ ጠረን በመስኮት ይገባል። እርሾ ምን እንደሆነ ለሽማግሌ እንዴት ይነገራል? ሊጥ የሚያቦካውን ዓይነት ነው ብዬ ልጀምር አሰብኩ።

ግቢው ውስጥ ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳሉ ደረስኩ። ከሽማግሌዎቹ ዋና የነበሩት ኦቦ ገመዳ ደግ ሰው ናቸው። «አካም ጅርታ፣ ደህና ነሽ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። ጥላሁን አንገቱን ደፍቷል። አስካለ ጉልበቷን አቅፋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች።

«አባቴ፣ ይፍቀዱልኝ» አልኩ። «እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይኼ በሽታ...»

«ተይ፣ ሰናይት» አለችኝ አስካለ። ድምፅዋ የደከመ እንጂ የተቆጣ አልነበረም። ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አዎ፣ አጥፍቻለሁ» አለች።

ከግራሩ ላይ ወፎቹ ሲንጫጩ ትዝ ይለኛል። እትዬ ወርቄ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ የጠበቁት ነገር ሲመጣ ደነገጡ። ጥላሁን ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሄደ፤ የመረብ ክምሩ ዘንድ ሲያለቅስ ሰማነው። ኦቦ ገመዳ «ከማን ጋር?» ብለው ጠየቁ። አስካለ ከምንጣፉ ተነሥታ ልብሷን ልትሰበስብ ወደ ቤት ገባች። እኔ «ውሸቷን ነው!» ብዬ ጮህኩ። እህቷ ስለሆንኩ ማንም አልሰማኝም።

ዕለቱን ልብሷን በሻንጣ ይዘን ወጣን። ጋሪው እስከ መናኸሪያ ሲያደርሰን ሐይቁ በቀኛችን ያብረቀርቅ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ለምን እንዲያ እንዳለች ጠየቅኋት።

«እውነቱን ብትነግሪያቸው ዛሬ ያምኑሻል» አለችኝ። «በሽታው ግን ደግሞ ይመጣል። በመጣ ቁጥር እንደገና ይጠይቁኛል፤ እሱም በመጣ ቁጥር ያየኛል። ያ አስተያየቱን አልችለውም። ጥፋት ግን አንዴ ከታመነ ማንም ደግሞ አይጠይቅም።»

ከዚያ በኋላ አዳማ ኖረች። ልብስ ሰፋች፣ ዕድርተኛ ሆነች፤ ሌላ ባል አላገባችም። ሕመሙ ለዓመታት ሲመላለስባት ቆይቶ በመጨረሻ ተዋት። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሳችም፤ ሳቋ ግን ከዚያ ወዲህ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። የሞተችው በልብ ሕመም ነው።

ለቅሶው ላይ ጥላሁን መጣ። ሸብቷል፤ ከዘራ ይዟል። እሱም አላገባም። ድንኳኑ ባዶ እስኪቀር ጠብቆ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሰናይት፣ አሁን እንግዲህ ሞታለች። ያ ሰውዬ ማን ነበር?»

ያን ሁሉ ዓመት ሲፈልገው ኖሯል። መናኸሪያ ውስጥ፣ አሳ የሚገዙት ነጋዴዎች መሃል፣ ሠርግ ቤት፣ የእያንዳንዱን ወንድ ፊት እያየ። ማንም እንዳልነበረ ነገርኩት። ስለ እርሾው፣ ስለ ክሮቹ፣ አውቶቡስ ውስጥ ስላለችኝም ሁሉ ነገርኩት። ከዘራውን ተደግፎ ተነሣና ሳይሰናበተኝ ሄደ።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ይህን ሁሉ ሳስታውስ ሀዊ ተከትላኝ መጣች። «እትዬ ሰናይት፣ ደህና ነዎት? ያጠፋሁት ነገር አለ?»

«የለም፣ ልጄ። ጥሩ አድርገሽ ነው ያስረዳሽው» አልኳት። እውነቴን ነው። አንድ ቀን አንዲት ሴት የሀዊን መስመሮች ማስረጃ አድርጋ ይዛ ወደ ቤቷ ትገባ ይሆናል። ሳይንስ ግን የሚደርሰው በሕይወት ላሉት ነው። አንዴ ቤት የገባ ጥርጣሬን የሚገድል መድኃኒትም እስካሁን አላየሁም።

ጥላሁን አሁን በየበዓሉ ይደውልልኛል። እንኳን አደረሰሽ ይላል፣ ጤናዬን ይጠይቃል፣ የሐይቁ አሳ እንዳነሰ ይነግረኛል። ከዚያ ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣

«እርግጠኛ ነሽ ግን?» ይለኛል።