የኩርሙክን ሙቀት የማያውቅ ኮምፒውተር

ባቢከር ኮምፒውተሩን ጠቅልሎ ያመጣው በራሱ ጥምጣም ነበር። ኤጀታ መጀመሪያ ያየው ይህንን ነው፤ ሰውየው ማሽኑን ሸፍኖ፣ ከኩርሙክ አሶሳ ድረስ በዚያ ሁሉ አቧራ አናቱን ገልጦ መጥቷል።

«ማሽኑን እኔ ገደልኩት» አለ ባቢከር፣ እንደ ታመመ ልጅ ቀስ አድርጎ እያስቀመጠው። «ወላሂ፣ ቀን ቀን ማሠራት አልነበረብኝም። ይቅር በለኝ፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ።»

ኤጀታ የባምባሲ ልጅ ነው። ክልሉ አሶሳ ያሉ ቢሮዎቹን ሲያደራጅ በኮምፒውተር ጥገና ተቀጠረ፤ በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ የወዳጆቹን ማሽኖች ያድሳል። ለባቢከር የጽሕፈት ሱቅ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ያዘጋጀለትም እሱ ነው።

ክዳኑን ሲከፍተው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተው። ማራገቢያው ግን በጣቱ ሲነካው ያለ ችግር ዞረ። ታዲያ ለምን አልፈጠነም? ኤጀታ የሠራውን አስታወሰ።

የማሽኑን ክፍሎች ሁሉ የሚያዘውን ፕሮግራም፣ ከርነሉን፣ የገነባው ቤቱ ሆኖ በራሱ ላፕቶፕ ነበር። መብራት ሳይሄድ ልጨርስ ብሎ፣ አያስፈልግም ያለውን ድራይቨር፣ እያንዳንዱን ክፍል የሚያሠራውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ሁሉ ከቅንብሩ እያወጣ አሳጠረው። ሙቀት የሚያነበው ድራይቨር እንደ ፕሮሰሰሩ ዓይነት ይለያያል። የቢሮ ማሽኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ የባቢከርም ያው ይሆናል ብሎ የሌላውን ዘለለው። ከዚያ ፍላሽ ላይ ጭኖ በመኪና ላከለት፤ ያንን መንገድ ማን ይሄደዋል ብሎ። የባቢከር ማሽን ግን በሱዳን በኩል የገባ ነው፤ ፕሮሰሰሩም ያ የተዘለለው ዓይነት። መጋሉን የሚነግረው ያጣ ማሽን፣ ማራገቢያውን እያንቀረፈፈ በኩርሙክ ሐሩር ነደደ።

«ተወው» አለ ባቢከር። «አባቴ ‹ይሄ እጅ ለፍየል ንግድ ነው› ይላል። እውነቱን ነው። ሱቁን እዘጋለሁ።»

«ሙቀት ነው እንግዲህ» አለ ኤጀታ። ውሸት አልነበረም፤ ይበልጥ ያሳፈረውም ይኸው ነው።

ባቢከር ጥምጣሙን አራግፎ መጠምጠም ጀመረ። ጫፉን ሲሸጉጥ ሰውየው ይሄዳል፤ ሱቁም እሱ ባልሠራው ጥፋት አብሮት ያልቃል።

«አንተ አልገደልከውም» አለ ኤጀታ ድንገት። «እኔ ነኝ።» የዘለለውን ሁሉ ነገረው።

የባቢከር እጅ ጥምጣሙ ላይ ቆመ። «ማሽኔን ሳታይ ሠራህ?»

«ሳላይ።»

«እኔ ጁምዓ ስሰግድ እንኳ ራሴን ስረግም ነበር።»

«ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

ባቢከር ይቅር አላለውም። ጫፉን ሸጎጠ። «ጠግነው። በመኪና አትላከው፤ ራስህ ተሸክመህ ና። እኩለ ቀን ላይ ና፤ ሙቀቱን ቅመሰው። ሱቁ ክፍት ነው።»

ባዶ እጁን እያወዛወዘ ወደ መናኸሪያው ወረደ። ዞሮ አላየም።