ሦስቴ የተቆለፈው በር

ኤዲተሯ የቢላዋውን ትዕይንት ከፊልሙ መግቢያ ቆርጣ ስታወጣ ዳይሬክተሩ ከኋላዋ ቆሞ ነበር።

«እህቴ፣ ደም የሌለው ልብ አንጠልጣይ ፊልም የት አየሽ?» አላት። «ዛሬ ካልተስማማን ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

«ግድያውን ገና ስሞች ሲወጡ ካሳየኸው፣ ሰው ቀሪውን ሰዓት ምን ሊጠብቅ ነው?»

አሥራ ስድስት ዓመት የኖረችው በዚሁ ሥራ ነው፤ የተዋንያኑ ስም ወጥቶ እስኪያልቅ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተመልካቹን ወንበሩ ላይ ታስቀረዋለች። ከእሷ የተሻለ የሚችልበት አላየሁም። የሠራችውን የምትፈትነው በእናቷ ነው። እናቷ ፊልም የሚያዩት ዳንቴል እየሠሩ ስለሆነ፣ ኪሮሹ ካልቆመ መግቢያው አልያዛቸውም ማለት ነው።

ዳይሬክተሩን ይዛው ቤት ሄደች። መጀመሪያ የእሱን ከፈተች፤ ቢላዋ፣ ደም፣ ጩኸት። እናት ዳንቴላቸውን ቀጠሉ።

«ድምፁን ቀንሺው፣ ጎረቤት አይረበሽ» አሉ።

ቀጥሎ የራሷን አሳየቻቸው። ሙዚቃ የለውም። ከስሞቹ ጀርባ አንድ ሰው የቤት በር ቆልፎ ይሄዳል፤ ተመልሶ መቆለፉን ያረጋግጣል፤ አሁንም ይመለሳል። በሦስተኛው ኪሮሹ ቆመ።

«ይሄ ሰው የሚቆልፈው ሌባ እንዳይገባ ሳይሆን የሆነ ሰው እንዳይወጣ ነው እኮ» አሉ እናት። «ውስጥ ማን አለ?»

«እሱን ሲኒማ ቤት ገብተው ያዩታል፣ እማማ» አለ ዳይሬክተሩ።

ከዚያ ወዲህ የሠራቸውን አራት ፊልሞች መግቢያ የሠራችው እሷ ናት።