ያላበው ቆርቆሮ ቤት

«ጋሼ፣ ጣሪያዎ ያፈሳል ስልዎ ሳቁብኝ። ይኸው እሁድ የሚለበስ ቬሎ ሻገተ። ለሙሽራዋ እርስዎ ይንገሯት።»

ሀጀር ቬሎውን እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። ጫፉ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶበታል፤ ዝንብ ጭቃ ረግጣ የሄደችበት ነው የሚመስለው። ጋሽ ወልደጻድቅ ነጠብጣቡን በጣታቸው ፈተጉት፤ አልለቀቀም። ቦሌ ሚካኤል ጓሯቸው ያለውን የቆርቆሮ ቤት ለዚች ቬሎ አከራይ የሰጡት ለጡረታቸው መደጎሚያ ብለው ነው። ቬሎውን ይተኩ ቢባሉ፣ ጡረታቸው ለእጅጌውም አይበቃም።

ቤቱን ደግሞ በቅርቡ አሳምረውት ነበር። ሀጀር ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ቀትር ላይ ይጋገራል ስላለቻቸው ቆርቆሮውን ከውስጥ የፍራሽ ስፖንጅ አለበሱት፣ በላዩ ላስቲክ ወጠሩ፣ ቀዳዳ የተባለን ሁሉ በጨርቅ ጠቀጠቁ። ጋሽ ወልደጻድቅ ከሌባ ይልቅ ንፋስ ነው የሚፈሩት።

መሰላል አቁመው ጣሪያ ላይ ወጡ። ሚስማሩን ሁሉ ካትራም ቀቡት። ሌሊቱን ጠብታ ዝናብ አልጣለም፤ ጠዋት ቤቱ ያንጠባጥባል። ድመታቸውን ሳይቀር ጠረጠሩ።

እንቅልፍ አጥተው፣ ቬሎውን በጋቢ ጠቅልለው ሳሊተ ምሕረት ወዳለ ላውንደሪ ታክሲ ተሳፈሩ። ካፊያ ነበርና እንደ ልማዳቸው መስኮቱን ሁሉ አዘጉ። ሰው ጢም ብሏል። ትንሽ እንደሄዱ መላጣቸው ላይ ጠብ አለ።

«ጣሪያህ ያፈሳል» አሉት ሾፌሩን።

«ፋዘር፣ ትንፋሻችሁ ነው። መስኮቱን ያዘጋው ማነው?»

ጋሽ ወልደጻድቅ ጋቢውን ጠበቅ አድርገው ይዘው የቆርቆሮ ቤታቸውን አሰቡ። ሀጀር ቀኑን ሙሉ እዚያች ቤት ውስጥ በእንፋሎት ካውያ ቬሎ ስትተኩስ ነው የምትውለው። እንፋሎቱ በየት ይውጣ?

ላውንደሪዋ ነጠብጣቡን አይታ ከንፈሯን መጠጠች፤ ቅዳሜ ይምጡ፣ ግን ተስፋ አልሰጥም አለች። እቤት ገብተው ላስቲኩን ሲገፉት ስፖንጁ እንደ ታጠበ ልብስ ይጨመቃል። ነቅለው ጣሉት፤ ከጣሪያው ስር በግራና በቀኝ ቀዳዳ ከፍተው ወንፊት ሽቦ መቱበት። እንፋሎቱ ያንቺ ነው ቢሏት ሀጀር ሳትቆጣ መለሰች፦

«መውጫውን የደፈኑት እርስዎ ነዎት።»

እስከ ቅዳሜ እህል አልበላ አላቸው። ቅዳሜ ቬሎው ነጥቶ ወጣ፤ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀርታለች፣ እሷንም ሀጀር አበባ ሰፍታ ትሸፍናታለች። ሒሳቡን ሳይከራከሩ ከፈሉ።

ይዘውላት ሲገቡ ሀጀር በነጠላዋ ተጀቡና ትተኩሳለች። ሁለቱም ቀዳዳዎች በጨርቅ ተደፍነዋል።

«ንፋስ ሊመታኝ ነው፣ ጋሼ።»

ጋሽ ወልደጻድቅ ቬሎውን አስረከቧት። ጨርቁን መዝዘው አወጡና፣ የከፈሉበትን የላውንደሪ ደረሰኝ ቀዳዳው ስር በሚስማር መቱት።