«ምን አለች?»

የወንድሜ የጆሮ ማዳመጫ አሁንም እኔ ጋ ነው። የግራው ስፖንጅ ተቀድዶ በጥቁር ፕላስተር ተጣብቋል። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የጸጉር ቅባቱ ይሸተኛል። ምናልባት ሽታው ጠፍቶ፣ የሚሸተው እኔን ብቻ ይሆናል።

ያን ቀን አንገቱ ላይ አድርጎት ነበር። ኮሮና ትምህርት ቤቱን ዘግቶት፣ ሁለታችንም በአንድ ጠረጴዛ በኮምፒውተር እንማር ነበር፤ እሱ አስራ ሁለተኛ ክፍል፣ እኔ ሰባተኛ። አባቴን ይሠራበት የነበረው ቁማር ቤት፣ ካዚኖው፣ አሰናብቶት ቤት ይውላል። እናቴ ከአየር ማረፊያ የጠዋት ሺፍቷን ጨርሳ መጥታ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኩ ጮኸ። የወንድሜ የሂሳብ መምህርት ነበረች።

እናትና አባቴ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ የቤቱ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ፤ ለባንክም፣ ለኢንሹራንስም። ስለ ወንድሜ ሲሆን ደግሞ እሱን ማን ያምናል? መምህርቷ ካሜራውን አጥፍቶ እንደሚተኛ ረጅም ጊዜ ወስዳ ነገረችኝ።

«ምን አለች?» አለ አባቴ።

«ጎበዝ ነው ትላለች።»

«ጎበዝ ለማለት ይህን ሁሉ?»

«በጣም ጎበዝ ነው፣ ነው የምትለው።»

ወንድሜ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ፤ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። በኋላ ብቻችንን ስንሆን «አንተ ልጅ፣ ኤምባሲ ነው መቀጠር ያለብህ» አለኝ። መጋረጃው በከሰዓት ፀሐይ ቢጫ ሆኖ ነበር። ተራ ቀን ነበር።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ ደወለች። ወንድሜ ሱቅ ሄዶ ነበር። ድምጿ ደስ ይላል፤ ደስ ማለቱ ዛሬም ያናድደኛል። ልጆች በኮምፒውተሩ ክፍል ውስጥ ለወንድሜ ስድብ እየጻፉ እንደነበር፣ እሱም ወንድ እንደሚወድ ለእሷ እንደነገራት፣ ትምህርት ቤቱ ከጎኑ እንደሆነ፣ ቤተሰቡም አብሮት እንዲቆም እንደምትፈልግ ተናገረች። ከዚያ «ለእናትና አባትህ ትነግርልኛለህ?» አለች። አስራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ሁልጊዜ አጣምሜ ነበር የማስተረጉመው። ያን ቀን ግን... እንዲህ በደግ ድምፅ የሚነገር ነገር ሰው ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም። እንዳለችው ነገርኳቸው። ለዚያ ነገር የማውቀው የአማርኛ ቃል ስድብ ብቻ ስለነበር፣ «ሴት ሳይሆን ወንድ ነው የሚወደው» አልኩ።

አባቴ ወንድሜን በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«እውነት ነው?»

ወንድሜ መጀመሪያ እኔን አየኝ። ከዚያ «አዎ» አለ።

«እንግዲያው ከቤቴ ውጣ።»

እናቴ የአባቴን ክንድ ይዛ «ተው፣ እባክህ ተው» ስትል፣ ወንድሜ የገዛውን ዳቦ ደረጃው ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ሲመሽ ፖሊስ መጣ። ወንድሜ ሰፊውን መንገድ ሲሻገር መኪና ገጭቶት ሞቷል። ሰው ሁሉ አደጋ ነው አለ፤ ዛሬም ይላል። መኪናው አደጋ ነው። ወንድሜ በዚያ ሰዓት እዚያ መንገድ ላይ መሆኑ ግን አደጋ አልነበረም።

ባለፈው ወር የመምህራን ስልጠና ላይ እንድናገር ተጠርቼ ነበር። በሩ ላይ ቀስተ ደመና ተለጥፏል፤ እንደ ወንድሜ ላሉት «ከጎናችሁ ነን» ማለት ነው። ብዙ መናገር አልችልም። «ቤት ማን እንደሚያውቅ ልጁን ሳትጠይቁ አትደውሉ፤ ሕፃን ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ» አልኩና ተቀመጥኩ። አንዷ መምህርት ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ይህ ማስታወሻ የሚያዝበት ነገር ነው?

ወንድሜ በሞተ ማግስት ጠዋት ቤቱ ማስክ ባደረገ ለቀስተኛ ሞልቶ ነበር። ስልኩ ጮኸ። አማካሪዋ ነበረች፤ ምንም አልሰማችም። ወንድሜ ክፍል ስላልገባ ደህና መሆኑን ልትጠይቅ ነው።

«ሞቷል» አልኳት።

«ለእናትህ በጣም አዝኛለሁ በልልኝ» አለች። አልነገርኩላትም።

«ትናንት ከመደወልዎ በፊት እሱን ጠይቀውት ነበር?» አልኳት።

መለሰችልኝ። እናቴ አጠገቤ ሆና ትጠብቅ ነበር።

«ምን አለች?» አለችኝ።

እንደ ወትሮው ላጣምመው እችል ነበር።

«አልጠየቅኩትም አለች።»

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ዘጋችው። ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አስጠግታ «በቃ፣ የኔ ልጅ» አለች። «ከእንግዲህ ለማንም አታስተርጉም።»

ወዲያ ማዶ ወንዶቹ አባቴን «እግዜር ያጽናህ» ይሉት ነበር። እንዳልሰማቸው፣ የወንድሜን ማዳመጫ ከጠረጴዛው አንስቼ ጆሮዬ ላይ ጫንኩት።