የጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ወንድሜ ተኝቶ አላደረም። ይህን ለማስረዳት የማላውቀውን ሰው በኢንተርኔት መለመን ነበረብኝ፤ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ታላቅ ወንድሜ ይርጋጨፌ አጠገብ ባለው አሪቻ ቡና ማጠቢያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነበር። የማጠቢያው ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰውዬ፣ በማጠቢያው ስልክ ላይ አዲስ ፕሮግራም አስጭነው «ስልኩ ሳይጮህ ማንም ቡናው የሚብላላበትን ገንዳ እንዳይከፍት» ብለው አዘዙ። ወንድሜ ደወሉን ለጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሞልቶ ገንዳው አጠገብ ቁጭ አለ። ስልኩ ጭጭ፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላም ትእዛዙን አክብሮ ገንዳውን አልከፈተም። ረፋድ ላይ ጋሼ ሲደርሱ ቡናው አልፎበት ኮምጥጧል። «ተኝተህ ነው!» አሉት። ስልኩን ነጥቀው አጠፉና «እስከ ቅዳሜ ማታ ካላስረዳኸኝ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» ብለው አባረሩት።

እኔ ዲላ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ፕሮግራሙን በራሴ ስልክ ላይ ጭኜ ስበረብር የእኛን ሰዓት ወደ ስልኩ ሰዓት የሚቀይርለት ላይብረሪ አገኘሁ፤ ማንም አይቶ እንዲያርመው በነጻ የተለቀቀ ኮድ ነው። ከአንድ እስከ አሥራ አንድ በትክክል ይቀይራል። አሥራ ሁለት ላይ ግን ጠዋቱን ማታ ያደርገዋል፤ ጋሼ ስልኩን ባያጠፉት ኖሮ ማታ ይጮህ ነበር። የጻፈው ሰው በአሥራ ሁለት ሰዓት ፀሐይ የምትወጣበት አገር አልኖረማ!

እርማቱን ጽፌ ላክሁ። የላይብረሪው ኃላፊ ካልተቀበለው ግን ዋጋ የለውም፤ ጋሼ «ለወንድሟ ብላ ነው» እንደሚሉ አውቃለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት መልስ መጣ። «ተጠቃሚው ራሱ ተሳስቶ ሞልቶት ይሆን?» ይላል። ደሜ ፈላ። ይሄም እንደ ጋሼ! መልሴን ስጀምር መብራት ሄደ፤ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ካረጀ ቆይቷል። ላፕቶፑን አቅፌ ጄኔሬተር ወዳለው ሱቅ ሮጥኩ።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አሉኝ ባለሱቋ።

«ገና ነው» አልኳቸው።

ስድቤን ዋጥ አድርጌ ጻፍኩ፦ «እኛ አገር ቀኑ የሚጀምረው በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ተጠቃሚው ወንድሜ ነው፤ አልተሳሳተም። ዛሬ ማታ ሥራውን ያጣል።» ስህተቱን የሚያሳይ ሙከራም አያያዝኩ። ከዚያ ጥበቃ ሆነ። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይጠፋል። ምሳም አልበላሁም። ከሰዓት በኋላ እርማቴ ጸደቀ፤ ከሥሩም «ስህተቱ የእኛ ነው። ወንድምሽን ይቅርታ በይልኝ» ተብሎ ተጽፏል።

ሚኒባስ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ከዲላ እንደወጣን ጪጩ ላይ ቡና የጫነ አይሱዙ መንገድ ዘግቶ ሊያሳብደን ነበር። ይርጋጨፌ ካለው ቤቱ ወንድሜን ይዤ አሪቻ ስደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ሌላ ሰው የወንድሜን ቦቲ አድርጎ ገንዳው አጠገብ ቆሟል።

የኃላፊውን መልስ ከስልኬ ላይ ለጋሼ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ወንድሜን «በል እሺ፣ ነገ ግባ» አሉት።

ወንድሜ ስልኬን ተቀብሎ አየው። «ይሄ ሰውዬ የት ያውቀኛል?»

«አያውቅህም።»

ወደ ጋሼ ዞረ። «ጋሼ፣ የማያውቀኝ ሰው ይቅርታ ጠየቀኝ። እርስዎ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል» አለ።

ጋሼ ቁልፋቸውን ማገላበጥ ያዙ። ወንድሜ ይቅርታ ይሉት እንደሆነ ትንሽ ጠበቃቸው። ከዚያ የተባረረ ዕለት ትቶት የሄደውን ጃኬት ከሚስማሩ ላይ አወረደና «ነይ፣ መኪና ሳያመልጠን» አለኝ።