ከአልጋው ሥር የተገኘው

ኦክላንድ ውስጥ የምኖርበት ተጎታች ቤት የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሦስት ቀን ሙሉ ሲጮህ፣ ቤቴ ሊነድ ነው ብዬ ሰጋሁ። የቧንቧውን መጋጠሚያዎች በሳሙና አረፋ ፈተሽኩ፤ ሲሊንደሩን ፈትቼ ደጅ አወጣሁ፤ በመጨረሻም ማስጠንቀቂያውን በአዲስ ተካሁ። አዲሱም ጮኸ። ከሳምንት በፊት ከሳን ሆዜ ሊጠይቁኝ የመጡት አክስቴ ግን አልጋዬ ላይ እንደተቀመጡ፣ «ተይው ልጄ፣ ሲደክመው ይተዋል» አሉኝ።

«እትዬ፣ እስቲ አንዴ ይነሡልኝ፤ ያልፈተሽኩት ከአልጋው ሥር ብቻ ነው።»

«እዚያ ምንም የለም።»

ተንበርክኬ አየሁ። በነጠላ የተሸፈነ ትልቅ ባልዲ ጠጅ ይፈላል፤ መሣሪያው ያሸተተው የእሱን ትነት ኖሯል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የሠርግሽ ጠጅ ነዋ።»

«እኔ እኮ እጮኛ እንኳ የለኝም።»

«ጠጁም እኮ ገና አልደረሰም፤ ምን ያስቸኩልሻል?»